የጋራ ላይብረሪዎችና የክፍት ምንጭ ፈቃዶች ተጣጣሚነት፡- መሥሪያ ቤቶች ከርክክብ በፊት ሊያጤኑት የሚገባ ጉዳይ

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አገልግሎታቸውን ለማዘመን ከሚጠቀሙባቸው የኮምፒዩተር ሥርዓቶች መካከል «ክፍት ምንጭ» በመባል የሚታወቁት ሶፍትዌሮች ሰፊ ድርሻ ይዘዋል። ጤና ሚኒስቴር ከ2010 ዓ.ም ወዲህ በሀገር አቀፍ ደረጃ የጤና መረጃ ለማሰባሰብ የሚገለገልበት ዲኤችአይኤስ 2፣ እንዲሁም በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የሕግ መሠረት የተሰጠው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ የቆመበት ሞሲፕ በምሳሌነት የሚጠቀሱ ናቸው። በደሴና በኮምቦልቻ ከተሞች የሚገኙ የጤና ተቋማት ሪፖርታቸውን የሚያስተላልፉት፣ ነዋሪዎቹም ለፋይዳ የሚመዘገቡት በእነዚሁ ሥርዓቶች አማካይነት ነው።

ከእነዚህ ታላላቅ ሥርዓቶች ባሻገር ዞኖች፣ ከተማ አስተዳደሮችና ወረዳዎች ለመዝገብ ቤት፣ ለሰው ኃይል አስተዳደር፣ ለንብረት ቁጥጥርና ለመሳሰሉት ሥራዎች የሚያሠሯቸው አነስተኛ ሶፍትዌሮችም ከሞላ ጎደል ሁሉም በውስጣቸው የክፍት ምንጭ ክፍሎችን ይዘው ይገኛሉ። ይሁን እንጂ እነዚህ ክፍሎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የአጠቃቀም ፈቃድ ያላቸው መሆኑና ፈቃዶቹም ሁልጊዜ እርስ በርሳቸው የማይስማሙ መሆኑ በርክክብ ወቅት ብዙም ትኩረት ሲሰጠው አይታይም። ውጤቱ ግን ቀላል አይደለም። አንድ መሥሪያ ቤት ገንዘብ ከፍሎ የተረከበውን ሶፍትዌር ለሌላ መሥሪያ ቤት ማስተላለፍ፣ ማሻሻል ወይም በሌላ ባለሙያ ማስጠገን የሚችል መሆን አለመሆኑ የሚወሰነው በዚሁ ጉዳይ ላይ ነው።

ክፍት ምንጭ ማለት ባለቤት የሌለው ማለት አይደለም

ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ማለት ምንጭ ኮዱ፣ ማለትም ባለሙያው የጻፈው የፕሮግራሙ ጽሑፍ፣ ለተጠቃሚው ክፍት የሆነና ማንም ሰው እንዲጠቀምበት፣ እንዲያጠናው፣ እንዲለውጠውና እንዲያባዛው የተፈቀደለት ሶፍትዌር ነው። ይህ ፈቃድ የሚመነጨው ከቅጅ መብት ነው። በሀገራችንም የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚደረግላቸው የፈጠራ ሥራዎች ጋር መድቦታል። የመብቱ ባለቤት ሥራውን ለሕዝብ ክፍት ሲያደርግ መብቱን ጨርሶ ትቶታል ማለት ሳይሆን የተወሰኑ ሁኔታዎችን አስቀምጦ ለሁሉም ፈቅዷል ማለት ነው። ሁኔታዎቹን የጣሰ ወገን ፈቃዱን ስለሚያጣ ያለ ፈቃድ ቅጅ እንዳባዛ ይቆጠራል። የፈቃዶቹ ተፈጻሚነት በየሀገሩ ሕግ የሚወሰን ቢሆንም መነሻ ሐሳቡ በሁሉም ዘንድ አንድ ነው።

ፈቃዶቹ በሁለት ታላላቅ ወገኖች ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ ልል ፈቃዶች ሲሆኑ ኤምአይቲ፣ ቢኤስዲና አፓቺ 2.0 የተሰኙት ከዚህ ወገን ናቸው። እነዚህ የሚጠይቁት በዋናነት የባለመብቱ ስምና የፈቃዱ ጽሑፍ ከሥራው ጋር ተያይዞ እንዲቆይ ነው። ሥራውን የወሰደው ሰው በራሱ ዝግ ሶፍትዌር ውስጥ ሊያስገባው ይችላል።

ሁለተኛዎቹ የተካፋይነት ግዴታ ያለባቸው ፈቃዶች ናቸው። ከእነዚህም ዋነኛው ጂፒኤል በሚል አጭር መጠሪያ የሚታወቀው የጂኤንዩ ጠቅላላ ሕዝባዊ ፈቃድ ነው። የጂኤንዩን ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ1983 ይፋ ያደረገው አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቶልማን ሲሆን የጂፒኤል ሁለተኛው እትም እ.ኤ.አ. በ1991፣ ሦስተኛው እትም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 ወጥተዋል። ጂፒኤል «ከእኔ የወሰድከውን ለሌላ ስትሰጥ እኔ የሰጠሁህን ነጻነት ሁሉ አብረህ ስጥ፤ ምንጭ ኮዱንም አትደብቅ» የሚል መሠረታዊ ግዴታ ይጥላል።

ላይብረሪ ምንድን ነው?

በዚህ ጽሑፍ ላይብረሪ ሲባል የመጻሕፍት ማኖሪያን ማለት አይደለም። አንድን ሥራ ለይቶ የሚያከናውንና በርካታ ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙበት ተዘጋጅቶ የተቀመጠ የኮድ ስብስብ ማለት ነው። ለምሳሌ በደብዳቤ ላይ የሚወጣውን ቀን በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ለማስላት እያንዳንዱ ባለሙያ ስሌቱን እንደ አዲስ መጻፍ አይጠበቅበትም። አይሲዩ የተሰኘው ላይብረሪ የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር አካቶ ስለያዘ ፕሮግራሙ ሥራውን ከእርሱ ይጠይቃል። በተመሳሳይ መንገድ ጂሊብሲ የተባለው የሊኑክስ መሠረታዊ ላይብረሪ የአማርኛ የወራትና የቀናት ስሞችን በውስጡ ይዟል።

ፕሮግራምና ላይብረሪ የሚገናኙበት ሂደት ማቆራኘት ይባላል። ማቆራኘት በሁለት መንገድ ይፈጸማል። የመጀመሪያው ቋሚ ቁርኝት ሲሆን በዚህ ጊዜ የላይብረሪው ኮድ ከፕሮግራሙ ጋር ተዋህዶ አንድ ፋይል ይሆናል። ሁለተኛው ተለዋዋጭ ቁርኝት ነው። በዚህ ጊዜ ላይብረሪው ለብቻው በራሱ ፋይል ተቀምጦ ፕሮግራሙ ሥራ በጀመረ ቁጥር ይጠራዋል። የጋራ ላይብረሪ የሚባለው ይህ ሁለተኛው ነው፤ አንዱ ፋይል በርካታ ፕሮግራሞችን ያገለግላልና።

የሕግ ጥያቄ የሚነሳውም እዚህ ላይ ነው። በሁለት ልዩ ልዩ ባለቤቶች የተጻፉ፣ ሁለት ልዩ ልዩ ፈቃዶች ያሏቸው ሥራዎች ሲቆራኙ ውጤቱ አንድ የተጣመረ ሥራ ነው ወይስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች? የጂፒኤል አዘጋጅ የሆነው የነጻ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ቁርኝቱ ቋሚም ሆነ ተለዋዋጭ ውጤቱ አንድ የተጣመረ ሥራ ስለሆነ የጂፒኤል ግዴታ መላውን ሥራ ይሸፍናል የሚል አቋም አለው። በተለዋዋጭ ቁርኝት ረገድ ይህን የማይቀበሉ የሕግ ባለሙያዎች አሉ። ጥንቁቅ የሆነ መሥሪያ ቤት ግን ክርክሩ በእርሱ ጉዳይ ላይ እንዲፈታ ስለማይሻ ጥብቁን ትርጓሜ ይዞ ቢሠራ ይመረጣል።

ሁለት ደንቦች በአንድ ድንኳን ሥር

የፈቃድ አለመጣጣም ምን ማለት እንደሆነ በወሎ ከሚታወቀው የቅሬ አደረጃጀት ጋር አነጻጽሮ መረዳት ይቻላል። ቅሬ በሌላው የሀገራችን ክፍል እድር ከሚባለው ጋር የሚመሳሰል፣ አባላቱ በኀዘን ጊዜ የሚረዳዱበት ማኅበር ነው። ቅሬው ድንኳን፣ ወንበርና የማብሰያ ዕቃ ኖሮት ለአባላቱ በደንቡ መሠረት ያውሳል።

አንድ አባወራ የሁለት ቅሬ አባል ነው እንበል። የመጀመሪያው ቅሬ ደንብ «የእኔ ድንኳን በተተከለበት ሥፍራ የሚውል ዕቃ ሁሉ በቦታው ለተገኘ ሰው ያለ ገደብ ይዋል» ይላል። የሁለተኛው ቅሬ ደንብ ደግሞ «ዕቃዬን ከራሴ አባል በስተቀር ማንም እንዳይገለገልበት» ይላል። ሁለቱም ደንቦች በየራሳቸው ምክንያት ያላቸው ናቸው። ሆኖም የአንዱን ድንኳንና የሌላውን ዕቃ በአንድ ቤት ማዋል አይቻልም፤ አንዱን ደንብ ማክበር ሌላውን መጣስ ይሆናልና። ፈቃዶች አልተጣጣሙም የሚባለውም ይኸው ነው። አንዱ ፈቃድ የሚያዘውን ሌላው የሚከለክል ከሆነ ሁለቱን አቆራኝቶ ለሌላ ወገን ማስተላለፍ አይቻልም።

ተጣጣሚነት አንድ አቅጣጫ ብቻ ሊኖረው እንደሚችልም መታወቅ አለበት። በኤምአይቲ ወይም ሦስት አንቀጽ ባለው ቢኤስዲ ፈቃድ የወጣ ላይብረሪ በጂፒኤል ሥራ ውስጥ መግባት ይችላል፤ ጥምሩ ሥራም በጂፒኤል ይተዳደራል። የጂፒኤልን ሥራ ወስዶ ጥምሩን በቢኤስዲ ብቻ ማውጣት ግን አይቻልም። የአፓቺ 2.0 ሥራም ከጂፒኤል ሦስተኛ እትም ጋር የሚጣጣም ሲሆን ከሁለተኛው እትም ጋር ግን እንደማይጣጣም የነጻ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ይገልጻል። ሌላው ቀርቶ «በሁለተኛው እትም ብቻ» ተብሎ የተፈቀደ ሥራ በሦስተኛው እትም ከተፈቀደ ሥራ ጋር አይጣጣምም። «በሁለተኛው እትም ወይም ከእርሱ በኋላ በሚወጣ» የሚሉት ጥቂት ቃላት ቢኖሩ ግን ችግሩ ይወገዳል። ስለሆነም የፈቃዱን ስም ብቻ ሳይሆን የእትሙን ቁጥርና ይህን ሐረግ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

በመካከል ያሉ ፈቃዶች

የላይብረሪዎችን ልዩ ጠባይ ከግምት በማስገባት የተዘጋጁ መካከለኛ ፈቃዶችም አሉ። ከእነዚህ ቀዳሚው ኤልጂፒኤል ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የላይብረሪ ጠቅላላ ሕዝባዊ ፈቃድ በሚል ስም ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ1999 በእትም 2.1 የአሁኑን ስያሜ ያገኘ ሲሆን ላይብረሪው ራሱ ሲሻሻል ማሻሻያው ክፍት እንዲሆን ያስገድዳል። ከላይብረሪው ጋር የሚቆራኘው ፕሮግራም ግን ዝግ ሆኖ እንዲቆይ ይፈቅዳል። በምትኩ ተረካቢው ላይብረሪውን በተሻሻለ ቅጅ መተካት እንዲችል ይጠይቃል። ቁርኝቱ ተለዋዋጭ ከሆነ ይህ በቀላሉ ይሟላል። ቋሚ ከሆነ ግን አቅራቢው ተረካቢው መልሶ ማቆራኘት የሚያስችሉትን ፋይሎች ማስረከብ አለበት። የቁርኝቱ ዓይነት ተጨባጭ የሕግ ለውጥ የሚያመጣው በዋናነት እዚህ ላይ ነው።

ዲኤችአይኤስ 2 ለዚህ ግልጽ ማሳያ ነው። በኖርዌይ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት የሚለማው ይህ ሥርዓት በቢኤስዲ ፈቃድ የወጣ ነው። ከመረጃ ቋት ጋር የሚገናኘው ሃይበርኔት በተሰኘ ላይብረሪ ሲሆን የሃይበርኔት ነባር እትሞች ፈቃድ ኤልጂፒኤል 2.1 ነው። ላይብረሪው ለብቻው በተቀመጠ ፋይል የሚጠራ በመሆኑ የሁለቱ ፈቃዶች አብሮ መኖር እንከን የለበትም። ሃይበርኔት ከሰባተኛው እትም ጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2025 ወደ አፓቺ 2.0 መዛወሩም የአንድ ላይብረሪ ፈቃድ ከእትም ወደ እትም ሊለወጥ እንደሚችል ያስገነዝባል።

ሌላው መካከለኛ ፈቃድ የሞዚላ ሕዝባዊ ፈቃድ ወይም ኤምፒኤል 2.0 ነው። በሕንድ ባንጋሎር በሚገኘው ዓለም አቀፍ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተጠነሰሰው ሞሲፕ በዚህ ፈቃድ የወጣ ነው። የኤምፒኤል ግዴታ የሚያርፈው በእያንዳንዱ ፋይል ላይ ነው። የሞሲፕን ፋይል ያሻሻለና ለሌላ ያስተላለፈ ወገን የዚያን ፋይል ምንጭ ኮድ ክፍት ማድረግ ሲኖርበት በአጠገቡ በአዲስ ፋይል የጻፈው ኮድ ግን በመረጠው ፈቃድ ሊቆይ ይችላል። አንድ ባንክ ወይም መሥሪያ ቤት የደንበኛውን ማንነት ለማረጋገጥ ከፋይዳ ጋር በኔትወርክ መልእክት ሲለዋወጥም በሁለቱ ሶፍትዌሮች መካከል ቁርኝት ስለማይፈጠር የአንዱ ፈቃድ ወደ ሌላው አይሻገርም።

በኔትወርክ ረገድ የተለየ ጥንቃቄ የሚሻው እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ኤጂፒኤል 3 ነው። ይህ ፈቃድ ሶፍትዌሩ ለሌላ ባይሰጥም እንኳ፣ ተሻሽሎ በኔትወርክ ለሕዝብ አገልግሎት ከዋለ ምንጭ ኮዱ ለተጠቃሚዎቹ እንዲቀርብ ያስገድዳል።

ካለፉት ገጠመኞች የሚገኝ ትምህርት

የላይብረሪ ፈቃድ አለመጣጣም በዓለም ላይ ታዋቂ የሆኑ ፕሮጀክቶችን ጭምር የፈተነ ጉዳይ ነው። ኬዲኢ የተሰኘው የሊኑክስ የሥራ ገጽታ በጂፒኤል የወጣ ሆኖ ሳለ የተቆራኘበት ኪውት የተባለው ላይብረሪ ፈቃድ ከጂፒኤል ጋር የማይጣጣም ነበር። በዚህም ምክንያት ዴቢያን የተሰኘው የሊኑክስ ስርጭት እ.ኤ.አ. በ1998 ኬዲኢን አላሰራጭም አለ። ችግሩ የተፈታው የኪውት ባለቤት ላይብረሪውን እ.ኤ.አ. በመስከረም 2000 በጂፒኤል ጭምር ሲያወጣው ነው።

ለመሥሪያ ቤቶቻችን ይበልጥ ቅርብ የሆነው ገጠመኝ የማይኤስኪውኤል ነው። ይህ የመረጃ ቋት ሶፍትዌር ከአራተኛው እትም ጀምሮ የደንበኛ ላይብረሪውን ከኤልጂፒኤል ወደ ጂፒኤል አዛወረው። ለድረ ገጽ ሥራ በስፋት የሚያገለግለው የፒኤችፒ ፈቃድ ከጂፒኤል ጋር የማይጣጣም በመሆኑ የሁለቱ ቁርኝት አጠያያቂ ሆነ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2004 ለክፍት ምንጭ ሥራዎች ልዩ ፈቃድ በመስጠት ችግሩን አቃለለ። እ.ኤ.አ. በ2009 ከወጣው እትም 5.3 ጀምሮም ፒኤችፒ የራሱን መገናኛ ላይብረሪ አካትቷል። ማሪያዲቢ የሚያቀርበው የሲ ቋንቋ መገናኛ ላይብረሪም በኤልጂፒኤል የሚገኝ ሌላ አማራጭ ነው።

በኢንተርኔት የሚተላለፍን መረጃ ለመመስጠር የሚያገለግለው ኦፕንኤስኤስኤልም ለረጅም ዓመታት ከጂፒኤል ጋር የማይጣጣም የማስታወቂያ አንቀጽ በፈቃዱ ውስጥ ይዞ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 በወጣው እትም 3.0 ወደ አፓቺ 2.0 በመዛወሩ ከጂፒኤል ሦስተኛ እትም ጋር ለመጣጣም በቅቷል።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ምን ሊመስል እንደሚችል ደግሞ የፈረንሳይ መንግሥት ካካሄደው ጨረታ ጋር የተያያዘው ክርክር ያሳያል። አንትሩቨር የተባለ አነስተኛ ኩባንያ የማንነት ማረጋገጫ ሥራ የሚያከናውን ላሶ የተሰኘ ላይብረሪ በጂፒኤል ሁለተኛ እትም አውጥቶ ነበር። ኦራንዥ የተባለው ግዙፍ የቴሌኮም ኩባንያ የፈረንሳይን የኤሌክትሮኒክስ የመንግሥት አገልግሎት ገጽ ለመገንባት እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው ጨረታ ተሳትፎ ባቀረበው ሥርዓት ውስጥ ይህንኑ ላይብረሪ አካተተ። አንትሩቨር የፈቃዱ ሁኔታዎች ተጥሰዋል በማለት እ.ኤ.አ. በ2011 ክስ መሠረተ። ክርክሩ በየደረጃው ባሉ ፍርድ ቤቶች ሲመላለስ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 የፓሪስ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የቅጅ መብት መጣሱን በማረጋገጥ ኦራንዥ ከ500 ሺህ ዩሮ በላይ ካሣ እንዲከፍል ወስኗል። ከዚህ መረዳት የሚቻለው ለመንግሥት አገልግሎት በሚቀርብ ሥርዓት ውስጥ የተካተተ አንድ ላይብረሪ ከአሥር ዓመት በላይ የዘለቀ ሙግት ሊያስነሳ እንደሚችል ነው።

ሆጤ ላይ አንድ ሶፍትዌር ቢሠራ

ጉዳዩን ወደ ዕለታዊ ሥራ ለማቅረብ በደሴ ከተማ ሆጤ አካባቢ የሚገኝ አንድ ጽሕፈት ቤት የገቢና ወጪ ደብዳቤዎችን የሚመዘግብ ሶፍትዌር በጨረታ አሠራ ብለን እናስብ። ሶፍትዌሩ ቀኑን በአይሲዩ ያሰላል፤ ከመረጃ ቋቱ ጋር ኤልጂፒኤል 2.1 ባለው የሃይበርኔት እትም ይገናኛል፤ ደብዳቤዎችን በፒዲኤፍ ለማውጣት ደግሞ አይቴክስት የተባለውን ላይብረሪ ይጠቀማል። አቅራቢው በውሉ ላይ «ምንጭ ኮዱ የድርጅቱ ምስጢር ነው፤ ጽሕፈት ቤቱ ለሌላ መሥሪያ ቤት አባዝቶ መስጠት አይችልም» የሚል አንቀጽ አስገብቷል።

ይህ ውል ከአይሲዩ ልል ፈቃድ ጋር አይጋጭም። ሃይበርኔት ለብቻው በተቀመጠ ፋይል እስከተጠራና ውሉ ላይብረሪውን መተካትን እስካልከለከለ ድረስ ከኤልጂፒኤል ጋርም ይጣጣማል። አይቴክስት ግን ከእትም 5 ጀምሮ፣ ማለትም ከእ.ኤ.አ. 2009 መጨረሻ ወዲህ፣ በኤጂፒኤል የሚወጣ ነው። አቅራቢው ከባለቤቱ የንግድ ፈቃድ ካልገዛ በስተቀር ከዚህ ላይብረሪ ጋር የተቆራኘን ሶፍትዌር በምስጢርነት ማስረከብ አይችልም። የውሉ አንቀጽና የላይብረሪው ፈቃድ እንደ ሁለቱ የቅሬ ደንቦች ናቸው፤ አንዱ ሲከበር ሌላው ይጣሳል።

መውጫ መንገዶቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው የንግድ ፈቃዱን መግዛት ነው። ሁለተኛው አይቴክስትን በአፓቺ 2.0 በሚገኘው ፒዲኤፍቦክስ መተካት ነው። ሦስተኛው መላውን ሶፍትዌር በኤጂፒኤል ማውጣትና ምንጭ ኮዱን ማስረከብ ነው። ሦስቱም የሚቻሉ ሲሆኑ ወጪያቸው ዝቅተኛ የሚሆነው ግን ከርክክብ በፊት ሲወሰኑ ነው። ሶፍትዌሩ በየወረዳው ከተሠራጨ በኋላ ላይብረሪ መቀየር ሥራውን እንደገና የመጀመር ያህል ሊከብድ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ስጋት ማስወገድ ተገቢ ነው። የጂፒኤል ግዴታ የሚቀሰቀሰው ሶፍትዌሩ ለሌላ ወገን ሲተላለፍ ነው። አንድ ተቋም የጂፒኤል ሶፍትዌርን በራሱ ኮምፒዩተሮች ላይ ሲጠቀምም ሆነ ለራሱ ሲያሻሽል ኮዱን ለሕዝብ እንዲያወጣ አይገደድም። በሶፍትዌሩ የተዘጋጀ ደብዳቤ፣ ሪፖርት ወይም የመረጃ ቋት ይዘትም በላይብረሪው ፈቃድ አይነካም። ነገር ግን ሶፍትዌሩ የራሱ ሕጋዊ ሰውነት ላለው ሌላ ተቋም የተሰጠ እንደሆነ ማስተላለፍ ተፈጽሟል ማለት ነው። አቅራቢው ለመሥሪያ ቤቱ የሚያደርገው ርክክብም እንደዚሁ ነው።

ተካፋይነት ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ዋስትና ነው

የተካፋይነት ግዴታ ዘወትር እንደ ሸክም ቢታይም ተረካቢ ለሆነ መሥሪያ ቤት ዋስትና የሚሆንበት ሁኔታ ያመዝናል። በጂፒኤል የተሸፈነ ሶፍትዌር የተረከበ ተቋም ምንጭ ኮዱን የማግኘት መብት አለው። አቅራቢው ቢዘጋ ወይም ባለሙያው ሥራ ቢለቅ ሌላ ባለሙያ ሥራውን ሊቀጥል ይችላል።

በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ወደ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰበት ወቅት ወሎ ዩኒቨርሲቲንና የደሴ ሆስፒታልን ጨምሮ የበርካታ ሕዝባዊ ተቋማት ንብረት መዘረፉና መውደሙ ይታወሳል። ኮምፒዩተር በግዢ ሊተካ ይችላል። በውስጡ የነበረ ሥርዓት ግን መልሶ የሚቆመው ምንጭ ኮዱ በሌላ ሥፍራ ከተቀመጠና እርሱን መልሶ ለመጫን የሚያስችል ሕጋዊ መብት ካለ ብቻ ነው። የፈቃድ ጉዳይ የሥራ ቀጣይነት ጉዳይ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። የጂፒኤል ሁለተኛ እትም አቅራቢው ምንጭ ኮዱን አብሮ ካላስረከበ በጽሑፍ የሚሰጠው የማቅረብ ግዴታ ቢያንስ ለ3 ዓመት የጸና እንዲሆን የሚጠይቅ ቢሆንም፣ መሥሪያ ቤቶች ይህን ጊዜ ሳይጠብቁ ኮዱን በርክክብ ዕለት ተረክበው ከጽሕፈት ቤታቸው ውጪ ጭምር ሊያስቀምጡት ይገባል።

የባለቤትነት ጥያቄም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ ሥራ ኢኮኖሚያዊ መብት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የአሠሪው ወይም የአዛዡ ነው። ነገር ግን አቅራቢው የራሱ ያልሆነውን ሊሰጥ አይችልም። ጽሕፈት ቤቱ የሚያገኘው አዲስ በተጻፈው ኮድ ላይ ያለውን መብት ሲሆን በላይብረሪዎቹ ላይ ያለው መብት በየፈቃዳቸው የተወሰነ ነው። «የሶፍትዌሩ ሙሉ ባለቤትነት ለመሥሪያ ቤቱ ይተላለፋል» የሚለው የተለመደ አንቀጽ ለብቻው በቂ የማይሆነውም ለዚህ ነው።

ከርክክብ በፊት ሊሟሉ የሚገባቸው

ከላይ ከተዘረዘሩት በመነሳት የግዢ፣ የሕግና የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ የሥራ ክፍሎች በጋራ ሊያረጋግጧቸው የሚገቡ ነጥቦችን እንደሚከተለው ማስቀመጥ ይቻላል።

አንደኛ፣ አቅራቢው በሶፍትዌሩ ውስጥ የተካተቱትን ላይብረሪዎች በሙሉ ከነእትማቸው፣ ከነፈቃዳቸውና ከቁርኝታቸው ዓይነት ጋር በዝርዝር እንዲያቀርብ በጨረታ ሰነዱ ላይ መጠየቅ። ላይብረሪ ራሱ ሌላ ላይብረሪ የሚጠራ በመሆኑ ዝርዝሩ እስከ መጨረሻው መውረድ ይኖርበታል። ለዚህ የሚያገለግለው ኤስፒዲኤክስ የተሰኘ አቀራረብ እ.ኤ.አ. በ2021 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ጸድቋል። ይኸው ዝርዝር ለደኅንነትም ይጠቅማል። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ሎግፎርጄ በተባለው ላይብረሪ ላይ ከፍተኛ የደኅንነት ቀዳዳ በተገኘ ጊዜ ዝርዝር የነበራቸው ተቋማት የትኛው ሥርዓታቸው እንደተጋለጠ ፈጥነው ለመለየት ችለዋል።

ሁለተኛ፣ መሥሪያ ቤቱ ሶፍትዌሩን ለምን እንደሚፈልገው አስቀድሞ መወሰን። ለራሱ ብቻ ነው? ለሌሎች ተቋማት ያስተላልፈዋል? በኔትወርክ ለሕዝብ ያቀርበዋል? የፈቃድ ተጣጣሚነት የሚመዘነው ለዚህ በሚሰጠው መልስ ነው።

ሦስተኛ፣ የውሉ የምስጢራዊነትና የማባዛት አንቀጾች ከዝርዝሩ ጋር የማይጋጩ መሆናቸውን በሕግ ባለሙያ ማስመርመር፤ ግጭት ቢገኝ አቅራቢው በራሱ ወጪ ላይብረሪውን እንዲተካ ወይም ተገቢውን ፈቃድ እንዲያመጣ የሚያስገድድ አንቀጽ ማካተት።

አራተኛ፣ ምንጭ ኮዱን፣ የመጫኛ መመሪያውንና የፈቃዶቹን ሙሉ ጽሑፍ በርክክብ ቃለ ጉባኤ ላይ አስመዝግቦ መረከብ። የፈቃድ ጽሑፎችንና የባለመብት መግለጫዎችን መሰረዝ ልል የሆኑትን ፈቃዶች እንኳ መጣስ ነው።

አምስተኛ፣ ላይብረሪ ወደ አዲስ እትም በተሸጋገረ ቁጥር ፈቃዱ ያልተለወጠ መሆኑን ማረጋገጥ።

በዚህ ረገድ የአውሮፓ ኮሚሽን ተሞክሮ ጠቃሚ ነው። ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ2007 ለመንግሥታዊ ተቋማት የሚስማማ ኢዩፒኤል የተሰኘ ፈቃድ አዘጋጅቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው እትም 1.2 ከየትኞቹ ፈቃዶች ጋር እንደሚጣጣም በአባሪው ዘርዝሯል። በመሆኑም የአንድ አነስተኛ ከተማ ሠራተኛ ጥያቄው በተነሳ ቁጥር እንደ አዲስ መመርመር ሳያስፈልገው ዝርዝሩን ብቻ ማየት ይበቃዋል።

በአካባቢያችን ሥራውን ለመደገፍ የሚችል የሰው ኃይል አለ። በወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በኮምፒዩተር ሙያ የሚመረቁ ወጣቶች ላይብረሪን ከማቆራኘት ባለፈ የላይብረሪውን ፈቃድ አንብበው እንዲመዘግቡ በትምህርት ቤት ሳሉ ቢለምዱ ወደፊት ለመሥሪያ ቤቶች የሚያስረክቡት ሥራ ከእንከን የጸዳ ይሆናል። የሥራ ኃላፊዎች በበኩላቸው የላይብረሪ ዝርዝር ያልተያያዘበትን ሶፍትዌር ዋስትና እንደሌለው ዕቃ በመቁጠር የርክክብ ሰነዱን ከመፈረማቸው በፊት እንዲሟላ ሊያደርጉ ይገባል።